ያላረገብኳቸው በገናዎች

ይህን ነገር ለሰው አውርቼው አላውቅም ነበር። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የምላሴን ክፋት ስዘረዝር፣ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። እሳቸው «ሌላስ የቀረ የለም?» ይሉኛል። «የለም አባቴ» እላለሁ። በእግዚአብሔር ፊት «የለም» እያልኩ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ለምን አሁን ለእናንተ እነግራለሁ? አታውቁኝማ። የማያውቁት ሰው ፊት ማፈር ትንሽ ይቀላል።

ዳር ዳሩን ሳልዞር ልናገረውና ይውጣልኝ፦ አንድ ሽማግሌ በገዛ እጃቸው ላይ የነበራቸውን እምነት ቀማኋቸው። ሰረቅኩ አላልኩም፣ ቀማሁ ነው ያልኩት። ሌባ ባለቤቱ ሳያይ ነው የሚወስደው። እኔ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው የወሰድኩባቸው።

ስመኝ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና በገና ከየገጠሩ ተሰብስቦ ታሽጎ የሚላክበት ቤት ሠራተኛ ነኝ። የቤቱ ባለቤት አቶ ሰዒድ ነጋዴ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ኋላ ወደዚህ ሥራ ገቡ። ስለ በገና ብዙም አያውቁም፤ አላውቅም ብለው ግን አያፍሩም፣ የሚያውቀውን ይጠይቃሉ። የሚጠይቁትም እኔን ነበር።

መጀመሪያ የምናሽገው በእጅ ነው። የጤፍ ጭድ፣ ጆንያ፣ ሲባጎ፣ አለቀ። አንዱን በገና ሁለት ሰው ተጋግዞ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። በኋላ አቶ ሰዒድ ድሮ ሳሙና ያሽግ የነበረ አውቶማቲክ ማሽን ከአዲስ አበባ ገዝተው አመጡ። እኔን ልከው ሁለት ሳምንት አሠለጠኑኝ። ማሽኑ ዕቃውን በጎማ ቀበቶ ላይ ይቀበልና በላስቲክ ይጠቀልለዋል፤ ከዚያ በሚግል ረጅም ሳጥን ውስጥ አሳልፎ ላስቲኩን እንደ ቆዳ ያጣብቅበታል፤ በወዲያ በኩል ካርቶን ውስጥ ያወርደዋል። አቤት የኔ ኩራት! በከተማው እንዲህ ያለ ማሽን የምታዝዝ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ሊያይ ሲመጣ ድምፄ ሁሉ ይቀየር ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከማሽኑ በኋላ በእጅ የሚሠራ ሥራ ሥራ መስሎ አይታየኝም ነበር።

የኔታ አስረስ በገናውን የሚሠሩልን ሰው ናቸው። አገራቸው ደብረ ወርቅ አጠገብ ነው። ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ኋላ በገና መሥራት የያዙ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለዚህ ነው ሁሉም «የኔታ» የሚላቸው። የሳቸው በገና ሲደረደር የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄ የየኔታ እጅ ነው» ይላል። ዋጋ አይከራከሩም፣ ቀን አያሳልፉም። አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበራቸው፦ በገና ተወጥሮ መንገድ አይወጣም። በገና እንጨት፣ ቆዳና የበግ አንጀት ነው። ሙቀት ሲያገኘው ቆዳው ይሰበሰባል፣ አውታሩ ይከራል፤ ቀድሞ ያላላለት ሰው ከሌለ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከመታሸጉ በፊት ዐሥሩንም መቃኛ አንድ በአንድ እያዞሩ አውታሩን ማርገብ ግድ ነው። ከሳቸው በፊት የነበሩትም እንዲሁ ያደርጉ ነበር ይላሉ።

ማሽኑ የመጣ ሰሞን መጥተው አዩት። ዞሩት፣ ከሚግለው ሳጥን አጠገብ መዳፋቸውን ዘርግተው ሙቀቱን ለኩና ፈገግ አሉ።

«ይሄስ ከዓባይ በረሃ ይብሳል። ልጄ ስመኝ፣ ሳታረግቢ እንዳታስገቢብኝ።»

«ምን በወጣዎ ይሠጋሉ የኔታ! እኔ እያለሁ?» አልኳቸው።

እኔ እያለሁ አልኩ። አቶ ሰዒድም ለየኔታ ብለው ትንሽ ወረቀት አሳተሙ። «አውታሩ ረግቧል» ይላል፣ ከሥሩ የኔ ፊርማ አለበት፣ በየካርቶኑ ይገባል።

ያቺ ቀን መጣች። ዓቢይ ጾም ሊገባ ነበር፤ ከጾሙ በፊት የበገና ፈላጊ ይበዛል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱቅ ሠላሳ በገና አዞ፣ ሠላሳውም ከየኔታ መጥቶ ተደርድሯል። መብራት ግን ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ። እነዚያን ሁለት ቀኖች ምን ስሠራ ዋልኩ? እጄን አጣጥፌ ሻይ ስጠጣ ነዋ! በገናዎቹ እዚያው ፊቴ ተደርድረው ቆመዋል። ማርገብ መብራት አይፈልግም፣ ጣት ነው የሚፈልገው። ሠላሳውንም አርግቤ፣ ተርፎኝ፣ ጎረቤት ቡና ጠጥቼ በተመለስኩ ነበር። ማሽኑ ከቆመ ሥራ የለም አልኩና ተቀመጥኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መብራት መጣ። ሾፌሩ ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ እወጣለሁ ብሏል። ለሱቁ ሰው ደውዬ «ዛሬ ሠላሳውንም ታገኛለህ፣ ማሽናችን ይችላል» ብዬ ፎክሬ ነበር። አቶ ሰዒድ ግን ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ካልደረሰልሽ የቀረው ነገ ይሄዳል፣ አትጨነቂ» አሉኝ። ይህን የምነግራችሁ ማንም እንዳላስገደደኝ እንድታውቁ ነው። አለቃዬ ክፉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሱ አሳብብ ነበር። ክፉ ሰው ስፈልግ ብውል ከራሴ ሌላ አላገኝም።

አሥራ ስምንቱን አረገብኩ። እያንዳንዱን በሥርዓቱ፣ ዐሥር ዐሥሩን መቃኛ። ከዚያ ሾፌሩ ጥሩንባውን መንፋት ጀመረ። ሰዓቴን አየሁ። ማሽኑ ባዶውን ይሽከረከራል፣ በትንሿ መስታወቱ ላይ የታሸገውን የሚቆጥረው ቁጥር አሥራ ስምንት ላይ ቆሟል። ሠላሳ ሲሆን ማየት አማረኝ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ይህን ነው። ሠላሳ ሲል ማየት አማረኝ።

አሥራ ሁለቱን እንደተወጠሩ አስገባኋቸው።

የመጀመሪያው ከሚግለው ሳጥን ውስጥ ሳለ ድምፅ ሰማሁ። ማንም ሳይነካው አውታሩ እምም አለ፤ በሽተኛ ሲገለበጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ሰማሁት እኮ! አልሰማሁም ብል እግዚአብሔር ይፈርድብኛል። ሰማሁና ሁለተኛውን አስገባሁ። ሦስተኛውን አስገባሁ። ከዚያ በሠላሳውም ወረቀት ላይ ፈረምኩ። «አውታሩ ረግቧል።» አሥራ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ፣ ከፊርማዬ አንዱም አልተንጋደደም። ከወዲያ በኩል ሲወርዱ ሠላሳውም በላስቲካቸው አብረቅርቀው አንድ ዓይነት ይመስሉ ነበር። ሾፌሩ ጫነ፣ በሉማሜ አድርጎ ወደ ደጀን፣ ከደጀን ወደዚያ በረሃ ቁልቁል ወሰዳቸው።

በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። አቶ ሰዒድ ድምፁን ለሁላችን ከፍተው ነበር የሚያወሩት። «አሥራ ሁለቱ ተሰነጣጥቀዋል» አለ ሰውየው። አሥር አላለም፣ አሥራ አምስት አላለም። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቁጥር በዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አቶ ሰዒድ ስልኩን ዘግተው ወደኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ስመኝ፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከማሽኑ ይሆን እንዴ?»

«ማሽኑማ ምን አጠፋ! እንጨቱ እርጥብ ነበር መሰለኝ» አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላል ያገሬ ሰው። የኔስ ወለምታ ቢሆን ምን ነበረበት! አስቤ ነው የተናገርኩት። «መሰለኝ» ያልኩትም አስቤ ነው፤ በኋላ ብጠየቅ መሸሸጊያ ትሁነኝ ብዬ። እንጨቱ እርጥብ እንዳልነበረ አውቅ ነበር? አውቅ ነበር። በየኔታ ቤት አንድ ዋንዛ ተቆርጦ ክረምት ከበጋ ሳይፈራረቅበት መጥረቢያ እንደማይነካው የማያውቅ ማን አለ? ለበገና ሠሪ እርጥብ እንጨት ሠራህ ማለት፣ ለቄስ ሳትጾም ቀደስክ እንደማለት ነው። እኔም ይህን እያወቅኩ ተናገርኩት።

ይህም አልበቃኝም። የከፋውን አሁን ነው የምነግራችሁ።

የተሰበሩት በገናዎች ከአዲስ አበባ ተመለሱ። አቶ ሰዒድ «የኔታ ራሳቸው ይዩዋቸው፣ ሰው በሌለበት አይፈረድበትም» ብለው ለቅዳሜ ጠሯቸው። ዓርብ ከሰዓት ሌሎቹ ምሳ ወጥተው ብቻዬን ቀረሁ። የኔታ አውታሩን ሲነኩ ወዲያው እንደሚነቁብኝ አወቅኩ። ካርቶኖቹን ከፈትኩ፣ ላስቲኩን ቀደድኩ፣ የአሥራ ሁለቱንም መቃኛ አንድ በአንድ እያዞርኩ አረገብኩ። ተሰንጥቀው ከሞቱ በኋላ አረገብኳቸው። ሊድኑ በሚችሉበት ቀን ጊዜ ያጣሁላቸው ሴትዮ፣ ያን ቀን ጊዜ ሞልቶ ተረፈኝ። እንዲያውም በጥንቃቄ ነበር የሠራሁት፤ እንደዚያ በጥንቃቄ አርግቤ አላውቅም።

ቅዳሜ የኔታ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ አንዱን በገና ከጉልበታቸው አስደገፉት። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ተከተሉት። እንጨቱን በጥፍራቸው መቱ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ አሸተቱት። ግራ ገባቸው። «ይሄ እንጨት እርጥብ አይልም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ አውታሩን ነኩ፤ ልል ነው። ሌላውን አነሡ፤ ልል ነው። አሥራ ሁለቱንም ነኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አርግበሽ ነበር ያስገባሻቸው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተቆረጠ። አንዴ እንኳ ደግመው አልጠየቁኝም። «እስኪ ማዪልኝ» አላሉም። የእንጨቱ ድምፅ ደረቅ ነኝ ይላቸዋል፣ ሽታው ደረቅ ነኝ ይላቸዋል፣ እሳቸው ግን እኔን አመኑ። በገዛ ጆሯቸውና በኔ ቃል መካከል መምረጥ ነበረባቸው፣ የኔን ቃል መረጡ። «እንግዲያስ ጥፋቱ ከኔ ነው» አሉ። «ዓይኔም ጆሮዬም ከድተውኛል ማለት ነው። እርጥቡን ከደረቅ የማይለይ ሰው ሆኛለሁ።»

ከዚያ በእድሜያቸው፣ በየኔታነታቸው፣ ከመቀመጫቸው ተነሡና ጎንበስ አሉልኝ።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ በሰው ፊት አሳፈርኩሽ» አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «እግዜር ይቅር ይበልዎ፣ የኔታ» አልኳቸው። ይቅር አልኳቸው! አጥፊዋ እኔ፣ ይቅር ባይዋ እኔ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና እጃቸውን ይዤ አጽናናኋቸው። «ሰው ነን፣ ያጋጥማል» አልኳቸው። እስኪ ንገሩኝ፣ ከዚህ የባሰ ምን ኃጢአት አለ? አሥራ ሁለት በገና መስበር ቀላል ነው። እንጨት ይተካል፣ ቆዳ ይተካል።

የኔታ ከዚያ ቀን በኋላ መጥረቢያ አልጨበጡም። አቶ ሰዒድ ሁለቴ ሦስቴ ለመኗቸው፤ «የእግዚአብሔርን ዕቃ ዓይኑ የከዳው ሰው አይሠራውም» ብለው መለሱላቸው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል፣ ሌሎቹ ሠሪዎች ደግሞ «እሳቸው እኮ ድሮም እያረጁ ነበር» ማለት ያዙ። እኔ ዝም አልኩ። ማሽኔ ላይ ቆሜ የሌሎችን በገና ማሸጌን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሳላረግብ አስገብቼ አላውቅም፤ ሁለት ልጆችም አሠልጥኛለሁ። ለማርገብ ቸል ያሉ እንደሆነ እጮህባቸዋለሁ። «ስመኝ ለዕቃ ያላት ጥንቃቄ!» ይሉኛል፣ ሲያመሰግኑኝ። ምስጋናውንም ተቀበልኩ።

ዘንድሮ ጾሙ ሲቃረብ የሚያዝዙ ሰዎች እንደገና የየኔታን እጅ ፈለጉ። አቶ ሰዒድ ጠሩኝና «አንቺን እንደ ልጅ ነው የሚያዩሽ። ሂጂና ለምኛቸው፣ አንቺን እምቢ አይሉም» አሉኝ። አልሄድም ለማለት ምክንያት አጣሁ። ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ የሸሸውን ነገር አለቃው የትራንስፖርት ወጪ ሸፍኖ ይልከዋል።

ደብረ ወርቅ ከሚኒባስ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ በር ላይ ተቀበሉኝ፣ አገላብጠው ሳሙኝ፣ «ልጃችን መጣች» ብለው ወደ ውስጥ ጮኹ። የኔታ መደብ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። አርጅተዋል። ግን እጃቸው አይንቀጠቀጥም፤ ያን ሳይ ለልመና ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። ቁጭ ሳልል፣ በቆምኩበት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መብራቱን፣ ጥሩንባውን፣ ሠላሳ ሲል ማየት ማማሩን፣ ድምፁን፣ ፊርማውን። ዓርብ ከሰዓት ያደረግኩትንም ነገርኳቸው። ሳላለቅስ ጨረስኩት ብል እዋሻለሁ።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቢረግሙኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዳዊቱን አጥፈው ከጎናቸው አስቀመጡ።

«እንጨቱ ደረቅ ነበር?» አሉኝ።

«ደረቅ ነበር፣ የኔታ።»

«አሥራ ሁለቱም?»

«አሥራ ሁለቱም።»

ስለኔ አንድም ነገር አልጠየቁም። ለምን አደረግሽው አላሉም፣ እንዴት ቻልሽበት አላሉም። ወደ ጓዳው ዞረው፣ «ጥሩነሽ፣ እንጨቱ ደረቅ ነበር ትላለች» አሉ። ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ነበር የሚመስለው።

እትዬ ጥሩነሽ ብቅ አሉ። ሁሉንም ከጓዳ ሰምተውት ኖሯል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ወደኔ ሳይሆን ወደ ባላቸው እያዩ ተናገሩ።

«ቤት የቀረውን ዋንዛ ሁሉ አነደድነው እኮ» አሉ። «ያን ስንት ዓመት ያደረቁትን። እንሽጠው ብላቸው፣ እርጥብ ነው ሰው ይታለልበታል ብለው ከለከሉኝ። ሁለት ክረምት ጋገርኩበት። እንዴት እንደሚነድ እያየሁ፣ ይሄ እርጥብ አይደለም እያልኳቸው...»

ቃላቸውን አልጨረሱትም። የኔታ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው፣ «ተይ፣ እንግዳ ናት» አሏቸው። ለኔም «ሚኒባሱ እንዳያመልጥሽ ልጄ» አሉኝ። አሁንም ልጄ አሉኝ።

ወጣሁ። ይቅርታ ሳልጠይቅ ወጣሁ። እንደተመለስኩ ለአቶ ሰዒድ እውነቱን ነገርኳቸው፣ ለሠሪዎቹም በየቤታቸው እየዞርኩ እነግራለሁ፤ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። ንስሐ አባቴ ዘንድም እሄዳለሁ። ከየኔታ ግን ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም። ብጠይቃቸው እዚያው፣ ሳያንገራግሩ ይሰጡኝ ነበር፤ የኔታን አውቃቸዋለሁ። ያልጠየቅኳቸውም ለዚሁ ነው።